የፀደይ አበቦች ከአፈር በታች የሚያሳልፉት ዓመት

ዛፎች ገና ቅጠል ሳያወጡ ከቀዝቃዛ አፈር ብቅ ብለው በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚፈኩት ክሮከስ፣ ዳፎዲል፣ ሃያሲንትና ቱሊፕ ለተመልካች ድንገት የመጡ ይመስላሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ በአንድ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ከእነዚህ አበቦች ቀድሞ የሚሰናዳ ተክል ማግኘት ያስቸግራል። ዘንድሮ የምናየው የቱሊፕ አበባ በጥቃቅን መልኩ የተሠራው ባለፈው በጋ ሲሆን፣ የተሠራበትን ምግብ ያጠራቀመው ደግሞ ባለፈው ፀደይ የነበረው ቅጠል ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ያማረው ተክል በሁለተኛው ዓመት ለምን ቅጠል ብቻ እንደሚያወጣ፣ በሞቃት አካባቢ ግንዱ ለምን አጥሮ እንደሚቀር፣ የጠወለገው ቅጠል ለምን ወዲያው መቆረጥ እንደሌለበት ግራ ይገባዋል። የእነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ተክሉ ከአፈር በታች በሚያሳልፈው ዓመት ውስጥ ስለሆነ፣ ማብራሪያው ከዚያው ይጀምራል።

እነዚህ ተክሎች ምግባቸውን የሚያከማቹበት፣ ከአፈር በታች የሚያብጠው ክፍል ኮረት ይባላል። የቱሊፕን ወይም የዳፎዲልን ኮረት በቢላዋ ከላይ ወደ ታች ለሁለት ብንከፍለው፣ የሽንኩርት ራስ ሲከፈል የሚታየውን አደራረብ እናገኛለን። ከታች ሥሮች የሚወጡበት ጠንካራና ጠፍጣፋ መቀመጫ አለ፤ በእርሱ ላይ በስታርች የተሞሉ ወፋፍራምና ነጫጭ ንብርብሮች ይነሣሉ፤ እነዚህም ለምግብ ማከማቻነት መልካቸውን የለወጡ ቅጠሎች ናቸው። ከውጭ የሚሸፍናቸው ስስ ቡናማ ልጣጭ ኮረቱ እንዳይደርቅና እንዳይላላጥ ይጠብቀዋል። መሃል ለመሃል ደግሞ ወደ አረንጓዴነት የሚያደላ ለጋ ቀንበጥ አለ። ቱሊፕ ከሆነና ለተከላ የደረሰ ከሆነ፣ ይህን ቀንበጥ በመርፌ ጫፍ ቀስ አድርጎ የገለጠ ሰው በአጉሊ መነጽር ስድስት የአበባ ቅጠሎችን፣ ስድስት የወንዴ ክፍሎችንና መሃል ላይ የቆመውን ባለ ሦስት ክፍል የሴቴ አካል ማየት ይችላል። ተካዩ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት አበባው ተሠርቶ አልቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ ሥር መስደድ፣ መርዘምና መፍካት ብቻ ነው።

ከአፈር በታች የሚያድር ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አሠራር የለውም። የክሮከስ ኮረት ሲቆረጥ ንብርብር አይታይበትም፤ ውስጡ ድፍን ነው፣ ምክንያቱም ያበጠው ቅጠሉ ሳይሆን የግንዱ ግርጌ ነው። አኔሞንና ሳይክላመን ከድንች ጋር የሚቀራረብ፣ ቅርጹ ብዙም የማይለይ ጓል መሳይ ማከማቻ አላቸው። ልዩነቱ ለተካይ ብዙ አያስጨንቅም፤ ከክሮከስ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ግን ማወቁ ደስ ይላል። የክሮከስ አሮጌ ኮረት በየዓመቱ ተሟጥጦ ይደርቅና አዲሱ ከላዩ ይበቅላል። ነገሩ በዚህ ቢቀጥል ተክሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአፈሩ ገጽ በላይ በወጣ ነበር። ይህን የሚከላከሉት ከአዲሱ ኮረት ግርጌ የሚወጡ ወፋፍራም ሥሮች ናቸው፤ ወደ ታች ከገቡ በኋላ እየተሸበሸቡ ያጥራሉ፣ ሲያጥሩም ኮረቱን ጎትተው ወደሚስማማው ጥልቀት ይመልሱታል። እንዲህ ያሉ ሥሮች በሌሎችም ኮረታማ ተክሎች ላይ ስለሚገኙ፣ በተከላ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሴንቲሜትር መሳሳት ብዙ የሚያሳስብ ነገር አይደለም።

ተክሎቹ ይህን ኑሮ የተለማመዱት በትውልድ አገራቸው ነው። የዱር ቱሊፕ በብዛት የሚገኘው በማዕከላዊ እስያ፣ በቲየን ሻንና በፓሚር ተራሮች ተዳፋት ላይ ሲሆን፣ በዚያ የብርዱ ወቅት ረጅምና ጽኑ፣ ፀደዩ አጭርና እርጥብ፣ በጋው ደግሞ ድንጋይ የሚያግል ደረቅ ነው። ተክሉ በእርጥቡ ፀደይ በችኮላ ቅጠል አውጥቶ፣ አብቦና ዘር አፍርቶ፣ ድርቁ ሳይደርስበት ወደ ኮረቱ ይገባል። ዳፎዲል በአብዛኛው የስፔን፣ የፖርቱጋልና በምዕራብ ሜድትራንያን ዙሪያ ያሉ አገሮች ተክል ሲሆን፣ ከቱሊፕ ይልቅ እርጥበትን ይታገሣል። ስኖውድሮፕ ደግሞ ከአውሮፓ እስከ ካውካሰስ ባሉ ደኖች ውስጥ የሚበቅል በመሆኑ የሚሸሸው ጥላን ነው፤ ከላዩ ያሉት ዛፎች ቅጠል አውጥተው ብርሃኑን ከመሸፈናቸው በፊት የዓመቱን ሥራ ሁሉ ይጨርሳል። የአትክልት ስፍራን አቀማመጥ በተመለከተ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ምክር የለም ብዬ አምናለሁ። የተራራና የሜዳ ልጅ የሆነው ቱሊፕ ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይቋጥርና በበጋ የሚደርቅ አፈር ይሻል፤ የደን ልጆች የሆኑት ስኖውድሮፕና መሰሎቹ ግን በየዓመቱ ቅጠላቸውን በሚያረግፉ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ሥር ይመቻቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ በማይረግፍ ዛፍ ሥር የተተከለ ኮረት ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል።

ከዓመቱ ወቅቶች ሁሉ በብዛት በስህተት የሚታየው ብርዱ ነው። ብዙ ሰው ኮረቱ ብርዱን «ይታገሣል» ብሎ ያስባል፤ በእርግጥ ግን ብርዱ ያስፈልገዋል። ቱሊፕ በሚገባ እንዲያብብ ሙቀቱ ከ9 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ ከበረዶ ነጥብ ግን ከፍ ባለ ሁኔታ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ሊቆይ ይገባዋል፤ የዳፎዲል ፍላጎት ለዚህ የቀረበ ሲሆን፣ ሃያሲንትና ክሮከስ ከ10 ሳምንት ጀምሮ ሊበቃቸው ይችላል። በእነዚህ ሳምንታት ኮረቱ የተኛ ይመስላል እንጂ ሥራ አልፈታም። ሥሩ በአፈሩ ውስጥ ይሰራጫል፤ የተከማቸው ስታርች ቀስ በቀስ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ግንዱን የሚያስረዝሙ ሆርሞኖችም ሥራቸውን የሚሠሩበት ሁኔታ ይመቻቻል። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ቁም ነገር፣ ቱሊፕ ብርዱን የሚፈልገው አበባውን ለመሥራት ሳይሆን የተሠራውን አበባ ከፍ አድርጎ ለማውጣት መሆኑ ነው። ብርድ ያላገኘ ቱሊፕ ብዙውን ጊዜ ያብባል፤ ነገር ግን አበባው ከቅጠሎቹ መካከል ሳይወጣ ከአፈሩ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ይፈካል፣ አለዚያም ገና በእምቡጥነቱ ይደርቃል። በተቃራኒው አበባው ራሱ የሚሠራው በበጋው ሙቀት ስለሆነ፣ ኮረቱ ከሁለቱ ወቅቶች አንዱ ቢጎድልበት ዑደቱ ይሰናከላል።

ከዚህ በመነሣት በሞቃት አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ግልጽ ይሆናል። ኮረቶቹን አየር በሚያስገባ የወረቀት ወይም የመረብ ከረጢት አድርገው ከላይ ለተጠቀሱት ሳምንታት ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩና፣ ከወጡ በኋላ ሳይዘገዩ በቀዝቃዛው ወር ይተክሏቸዋል። በዚህ ጊዜ አንድ ጠንቀቅ የሚያሰኝ ነገር አለ፤ ኮረቱ ካለበት ፍሪጅ ውስጥ ፖም፣ ሙዝ ወይም ሌላ በመብሰል ላይ ያለ ፍሬ መቀመጥ የለበትም። የሚበስል ፍሬ ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በኮረቱ መሃል ያለውን የተሠራ አበባ ይገድለዋል። ጉዳቱ ከውጭ ስለማይታይ ተካዩ የሚያውቀው ከወራት በኋላ ቅጠል ብቻ ሲወጣለት ነው። ይህን ሁሉ ማሰናዳት ለማይፈልግ ሰው ደግሞ ነጭና በዘለላ የሚያብበው፣ መዓዛው ጠንካራ የሆነው የዳፎዲል ዘመድ አለ። ይህ ዓይነት ብርድ ስለማይጠይቅ በጠጠርና በውሃ ብቻ፣ በመስኮት አጠገብ በተቀመጠ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በጥቂት ሳምንታት ያብባል።

የተከላው ጊዜ እንደ ምድር ክፍሉ ይለያያል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ በደቡቡ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ መትከል የተለመደ ነው። ዳፎዲል ቀደም ብሎ ሥር መስደድ ስለሚወድ መጀመሪያ ይተከላል፤ ቱሊፕ ግን አፈሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ቢቆይ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ቅጠሉን የሚያቃጥለው ቦትራይቲስ የተባለ ሻጋታ በቀዝቃዛ አፈር ይዳከማል። ጥልቀትን በተመለከተ የሚሠራው ሕግ ቀላል ነው፤ ከኮረቱ በላይ የሚኖረው አፈር የኮረቱን ቁመት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል ይሁን። ይህ ማለት ክሮከስ ከ7 እስከ 10 ሴንቲሜትር፣ ቱሊፕ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይገባል ማለት ነው። ሾጣጣው ጫፍ ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋው መቀመጫ ወደ ታች ይደረጋል፤ የአኔሞን ጓል ግን የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ ስለማይለይ በጎኑ ማስቀመጡ ይበቃል። ከጥልቀቱ ይልቅ ብዙ ኮረት የሚያጠፋው የውሃ መቋጠር ነው። ሸክላማ አፈር ላይ የሚተክል ሰው ደቃቅ ጠጠርና ብስባሽ ቢቀላቅል፣ ወይም አልጋውን ከመሬት ከፍ ቢያደርግ፣ በማዳበሪያ ከሚያወጣው የተሻለ ውጤት ያገኛል።

ሲገዛ ደግሞ ኮረቱን በእጅ መጨበጥ ያስፈልጋል። ጤነኛ ኮረት ጠጣርና ለመጠኑ ከበድ ያለ ነው፤ ሲጫኑት የሚሰምጥ፣ ሰማያዊ ሻጋታ የወረሰው ወይም ቀሎ የደረቀ ከሆነ መተው ይሻላል። የላይኛው ልጣጭ ተሰንጥቆ መውለቁ ግን ጉዳት አይደለም። ነጋዴዎች ኮረትን የሚመድቡት በወገቡ ዙሪያ በሚለካ ሴንቲሜትር ነው፤ 12 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቱሊፕ ከሁሉም የላቀው ደረጃ ነው። በቅናሽ የሚሸጥ ትንሽ ኮረት የሚያወጣው አበባ ያንኑ ያህል አነስተኛ ይሆናል፣ በጣም ትንሹ ደግሞ ጨርሶ አያብብም፤ ስለዚህ በቁጥር ብዙና ትንንሽ ከመግዛት ጥቂትና ትልልቅ መግዛት ያዋጣል።

ደስታውን ለማራዘም ዋናው ነገር ዓይነቶቹን በሚያብቡበት ተራ አቀናጅቶ መትከል ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ስኖውድሮፕ በጥርና በየካቲት፣ አንዳንዴም በረዶው ሳይቀልጥ ይጀምራል፤ ክሮከስ በየካቲት ይከተላል፤ ዳፎዲልና ሃያሲንት መጋቢትን ይይዛሉ፤ ሙስካሪና ቱሊፕ ሚያዝያን ይሞላሉ፤ ክብ ሐምራዊ ራስ ያለው አሊየም ደግሞ በግንቦት ተረክቦ እስከ ሰኔ ያደርሳል። አንድ ሰፊ ማሰሮ ብቻ ላለው ሰው እንኳ ይህ ይቻላል። ከታች ቱሊፕ፣ ከእርሱ በላይ ባለው አፈር ዳፎዲል ወይም ሃያሲንት፣ ከሁሉም በላይ ክሮከስ በድርብርብ ቢተከሉ፣ የታችኞቹ በላይኞቹ መካከል ሾልከው እየወጡ አንዱ ሲጠወልግ ሌላው ይፈካል። ማሰሮው ከታች ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል፤ ብርዱ ሲጠና አፈሩ እስከ መሃሉ ድንጋይ ሆኖ እንዳይቀዘቅዝም ከግድግዳ አጠገብ ማስጠጋት ጥሩ ነው። ሙስካሪ ቅጠሉን ብርዱ ከመግባቱ በፊት ስለሚያወጣ አዲስ ተካዮችን ያስደነግጣል፤ ልማዱ ስለሆነ ተክሉን የሚጎዳው ነገር የለም።

ከአበቦቹ አጠገብ ቁጭ ብሎ ለሚመለከት ሰው የሚታይ ብዙ ነገር አለ። ክሮከስና ቱሊፕ ሲሞቃቸው ይከፈታሉ፣ ሲበርዳቸው ይዘጋሉ። ምክንያቱ የአበባው ቅጠል ውስጠኛና ውጫዊ ገጽ በተለያየ የሙቀት መጠን የሚያድጉ መሆናቸው ነው፤ አየሩ ሲሞቅ ውስጠኛው ገጽ ቶሎ አድጎ አበባውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውጫዊው በልጦ ይዘጋዋል። ክሮከስ ከአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ላነሰ የሙቀት ለውጥ እንኳ ምላሽ ስለሚሰጥ፣ ደመና በፀሐይ ላይ ሲያልፍ የአበባው አፍ ሲጠብ ይታያል። ይህ እንቅስቃሴ እድገት ስለሆነ የቱሊፕ አበባ በከፈተና በዘጋ ቁጥር ጥቂት በጥቂት እየረዘመ ይሄዳል፤ የመጨረሻ ቀኖቹ ላይ ያለ ቱሊፕ ከመጀመሪያው ቀኑ በግልጽ የሚበልጠው ለዚህ ነው። ስኖውድሮፕ ደግሞ ጽኑ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ግንዱ ዝሎ መሬት ላይ ተኝቶ ይገኛል። የሞተ መስሎት የሚነቅለው ሰው አይጠፋም፤ ፀሐይ ሲወጣና አየሩ ለቀቅ ሲል ግን ምንም እንዳልደረሰበት ቀጥ ብሎ ይነሣል።

ለቤት ውስጥ የሚቆረጥ አበባም የራሱ ጠባይ አለው። ቱሊፕ ከተቆረጠ በኋላም ማደጉን ስለማያቆም በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ሆኖ ግንዱ ጥቂት ሴንቲሜትር ይረዝማል፣ ወደ ብርሃኑም ይጎብጣል፤ እኩል ቆርጦ የደረደረው ሰው በማግሥቱ የተበታተነ ነገር ያገኛል። እኔ ይህን ጉብጠት ከውበቱ አንዱ አድርጌ ነው የማየው፤ የማይወደው ሰው ማስቀመጫውን በየቀኑ ማዞር ይችላል። ዳፎዲል ከተቆረጠ በኋላ ከግንዱ የሚያዝለገልግ ፈሳሽ ያወጣል፤ ይህ ፈሳሽ በአንድ ውሃ ውስጥ አብሮት ያለውን ቱሊፕ ዕድሜ ያሳጥራል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ዳፎዲሉን ለብቻው በውሃ አሳድሮ፣ ፈሳሹ ከወጣለት በኋላ ግንዱን እንደገና ሳይቆርጥ ከቱሊፑ ጋር ቢቀላቅለው ችግሩ ይወገዳል።

አበባው ሲረግፍ ብዙ ሰው ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል፤ ለተክሉ ግን የዓመቱ ወሳኝ ሥራ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። አበባው ኮረቱን አሟጦታል። ባዶ የሆነውን ማከማቻ እንደገና የሚሞላው ቅጠሉ ብቻ ሲሆን፣ ለዚህም ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያህል ፀሐይ ማግኘት አለበት። የረገፈውን አበባ ራስ ተክሉ ዘር ለማፍራት እንዳይደክም መቅነጠስ ተገቢ ነው፤ አረንጓዴው ግንድና ቅጠሉ ግን ቢጫ ሆነው እስኪደርቁ ይቆዩ። የተዝረከረከውን የዳፎዲል ቅጠል እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ ወይም በገመድ ጠቅልሎ ማሰር በብዙ ግቢ የሚታይ ልማድ ነው፤ ቅጠሉ ታጥፎ ሲታሰር ብርሃን የሚያገኘው ገጹ ስለሚቀንስ ውጤቱ በከፊል ከመቁረጥ አይለይም። በሣር ሜዳ ላይ የተተከለ ዳፎዲል ከሆነም ሣሩ በእነዚያ ሳምንታት አይታጨድም። ቅጠሉ ዓይን የሚያስቀይም ከሆነ መፍትሔው ኮረቱን ዘግይተው ከሚያድጉ ተክሎች መካከል መትከል ነው፤ አዲሶቹ ቅጠሎች ሲዘረጉ የሚጠወልጉትን ይሸፍኗቸዋል። በዚህ ጊዜ ፖታሲየም የበዛበት ማዳበሪያ በውሃ በጥብጦ መስጠት ይጠቅማል፤ በአበባው ወቅት የሚሰጥ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ግን ቅጠሉን አለስልሶ ለሻጋታ ከማጋለጥ በስተቀር ብዙ ፋይዳ የለውም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ዳፎዲል በየዓመቱ እየበዛ ሲሄድ ቱሊፕ ግን እየሳሳ መሄዱ አትክልተኞችን ያሳዝናል። ምክንያቱ በኮረቶቹ አሠራር ላይ ነው። የዳፎዲል ኮረት ከዓመት ዓመት የሚኖር ሲሆን፣ ከውስጥ እየታደሰ ከጎኑ አዳዲስ ይጨምራል። የቱሊፕ እናት ኮረት ግን አበባዋን እንዳወጣች ሙሉ በሙሉ ተሟጥጣ ትጠፋለች፤ በምትኩ በንብርብሮቿ መካከል የነበሩ ትንንሽ ኮረቶች ያድጋሉ። የተመቻቸ ፀሐይ፣ ምግብና ደረቅ በጋ ካገኙ ከእነርሱ ቢያንስ አንዱ ለአበባ የሚበቃ መጠን ላይ ይደርሳል። በጋው ዝናባማ ከሆነ ወይም ቅጠሉ ቀድሞ ከተቆረጠ ግን እናቲቱ ለብዙ ትንንሾች ተከፋፍላ ትቀራለች፤ የዚህ ምልክቱ በፀደይ ከእያንዳንዱ ትንሽ ኮረት አንድ ሰፊ ቅጠል ብቻ መውጣቱ ነው። ቅጠሉ ደርቆ ሲያበቃ ኮረቶቹን ቆፍሮ አውጥቶ፣ ትልልቆቹን ለይቶ ሞቅ ባለ፣ ደረቅና ነፋሻ ቦታ እስከ ቀጣዩ ተከላ ማስቀመጥ የቱሊፕን የትውልድ አገር በጋ መተካት ማለት ነው። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለው ሰው ትልልቅ አበባ ያላቸውን አዳዲስ ዝርያዎች እንደ አንድ ዓመት ተክል ቆጥሮ በየዓመቱ አዲስ ቢገዛ የሚያፍርበት ነገር የለም። በሆላንድ፣ ሊሰ በተባለችው ከተማ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1950 ለሕዝብ የተከፈተው ኬውከንሆፍ የተባለው የአበባ ፓርክ እንኳ በ32 ሄክታር መሬቱ ላይ በየዓመቱ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮረቶችን አዲስ ይተክላል። ሳይነቀል ለዓመታት እንዲቆይለት የሚሻ ሰው ደግሞ ለዱር ዘመዶቻቸው የቀረቡትን አጫጭር ቱሊፖች ቢመርጥ የተሻለ ነው።

በሽታን በተመለከተ የቱሊፕ ታሪክ ራሱ አስተማሪ ነው። የዕፅዋት ሊቁ ካሮሉስ ክሉሲየስ እ.ኤ.አ. በ1593 ወደ ላይደን ሄዶ በዩኒቨርሲቲው የአትክልት ስፍራ ቱሊፕ ከተከለ ከአርባ ዓመታት በኋላ፣ በነጭ መደብ ላይ እንደ እሳት ነበልባል የተሰነጣጠቀ ቀይ ወይም ሐምራዊ መስመር ያላቸው ቱሊፖች በሆላንድ ዋጋቸው ሰማይ ነክቶ፣ ገበያው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1637 በድንገት ወደቀ። ገዢዎቹ ያላወቁት ነገር፣ ያ መስመር የበሽታ ምልክት እንደነበረ ነው። በእንግሊዝ ዶሮቲ ኬይሊ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1928 ከታመመ ኮረት ወደ ጤነኛው ሕብረ ሕዋስ በማስተላለፍ ሁኔታው ተላላፊ መሆኑን አሳየች፤ ቫይረሱን ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው ክሽክሽ የተባለው ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ቫይረሱ ኮረቱን በየትውልዱ ስለሚያደክመው እነዚያ ውድ ዝርያዎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ዛሬ በገበያ የሚገኙት ባለ መስመር ቱሊፖች ቀለማቸው ከዘራቸው የመጣ ጤነኛ ተክሎች ናቸው። በግቢው ውስጥ አንድ ወጥ ቀለም የነበረው ቱሊፕ በድንገት መስመር ቢያወጣበት ግን፣ ቢያምርም እንኳ ነቅሎ ማስወገዱ ለሌሎቹ ደኅንነት ይበጃል። ቅጠሉ ተጣምሞ፣ የተቃጠለ መስሎና በሻጋታ ተሸፍኖ የወጣ ቱሊፕም እንዲሁ ይነቀላል፤ በዚያ ቦታ ላይ ለሦስት ዓመት ያህል ሌላ ቱሊፕ ባይተከል ይመከራል።

አይጥና ሽኮኮ የቱሊፕንና የክሮከስን ኮረት ይወዳሉ፤ ዳፎዲልንና ስኖውድሮፕን ግን መራራና መርዛማ ስለሆኑ አይነኩም። በተተከለው ኮረት ላይ ወንፊት ሽቦ አንጥፎ አፈር መመለስ አስተማማኝ መከላከያ ነው። የዳፎዲል መርዝ ለሰውም ይተርፋል። ላይኮሪን የተባለው ንጥረ ነገር በኮረቱ ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ፣ ከሽንኩርት ጋር ተምታቶ የተበላ ዳፎዲል ብርቱ ትውከትና የሆድ ቁርጠት ያመጣል፤ ስለዚህ ኮረት ከምግብ ማስቀመጫ ርቆ፣ ሕፃናትና ውሻ ከማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ አለበት። ከዚሁ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚገኘው ጋላንታሚን ደግሞ በአልዛይመር ሕመም የተያዙ ሰዎችን ለመርዳት በመድኃኒትነት ያገለግላል። የሃያሲንት ልጣጭ ቆዳ ስለሚያሳክክ፣ ቱሊፕም ብዙ ለሚነካካው ሰው ጣት ሊያቆስል ስለሚችል፣ ብዛት ያለው ኮረት የሚተክል ሰው ጓንት ቢያደርግ ይመረጣል።

ማባዛት ለሚፈልግ ሰው ቀላሉ መንገድ መክፈል ነው። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ዳፎዲል ቅጠሉ በዝቶ አበባው ሲቀንስ ኮረቶቹ ተጨናንቀዋል ማለት ስለሆነ፣ ቅጠሉ እንደደረቀ ተቆፍረው ተለያይተው እንደገና ይተከላሉ። ስኖውድሮፕ ግን ደርቆ ከአፈር ውጭ መቆየትን ስለሚጠላ፣ አበባው እንዳለፈ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ተነቅሎ ወዲያው መተከሉን ይመርጣል። ስኖውድሮፕን ከዱር መንቀል ብዙ አካባቢዎችን ስላራቆተ የተክሉ ዓለም አቀፍ ንግድ ሳይተስ በተባለው ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል፤ ገዢውም በእርባታ የተገኘ መሆኑን መጠየቅ ይኖርበታል። በዘር ማባዛት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከዘር የበቀለ ቱሊፕ ለማበብ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይወስድበታል፣ የሚያወጣውም አበባ እናቱን መምሰሉ እርግጠኛ አይደለም። ስም ያላቸው ዝርያዎች ሁሉ ከኮረት ኮረት እየተከፈሉ የሚራቡት ለዚህ ነው፤ በአንድ ስም የሚሸጡ ቱሊፖች በሙሉ ከአንድ የመጀመሪያ ተክል የተከፋፈሉ ናቸው።